ሽንኩርት የማይጠበስበት ሳምንት

ታላቅ ወንድሜን አገሩ ሁሉ «አፍንጫው» ነው የሚለው። አፍንጫው ትልቅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ከእኔ አፍንጫ ጋር ቢተያዩ የእሱ ያፍራል። ነገር ግን ቤታችን ወይን ጠማቂ ቤት ነው፤ በእኛ ቤት አፍንጫ የሚለካው በሥራው ነው። ምድር ቤት የበርሜል ክዳን ሲከፈት ወንድሜ ደረጃው አናት ላይ እንደቆመ የየትኛው ማሳ ወይን እንደሆነ ይናገር ነበር። ልጆች ሳለን አባታችን የት እንዳመሸ ከኮቱ አሽትቶ ለእናታችን ይነግራት ነበርና ስንት ኩርኩም ቀምሷል መሰላችሁ። ያ ኩርኩም የማይጠፋበት ልጅ ነው በኋላ የቤቱ አለኝታ የሆነው።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ሥራዬ ከፊት ለፊት ያለው ሱቅ ነው፤ ጠርሙስ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፣ እሸጣለሁ፣ ከገዢ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ወይን ግን አልቀምስም። ቃር አለብኝ፤ አንድ ጉንጭ ካለፈ ደረቴ እሳት ይሆናል። ወይን ቤት ተወልዶ ቃር ይዞት የሚኖር ሰው ካያችሁ እግዜርም አንዳንዴ እንደሚቀልድ ትረዳላችሁ።

የእኛ ወይን አረፋ ያለው ነው፤ ሰው በደፈናው ሻምፓኝ የሚለው፣ ቡሹ ሲፈናጠር የሚጨበጨብለት። አገራችን ብርድ ነው። ፍሬው በደንብ ሳይጣፍጥ፣ ጎምዘዝ እንዳለ ይለቀማል፤ አረፋማ ወይን የሚወደውም ይህንኑ ጉምዛዜ ነው። ከየማሳው የተጨመቀው ለየብቻው በርሜል ውስጥ ይቆይና፣ ብርዱ ሊያልቅ ሲል ተቀምሶ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀየጥ ይወሰናል። ከዚያ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል፤ አረፋው እዚያ ታፍኖ ነው የሚወለደው። አንዴ ከታሸገ በኋላ ይቅርታ የለም። ስለዚህ ቤታችን የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚያች የቅምሻ ሳምንት ነው።

በዚያች ሳምንት ሽንኩርት አይጠበስም። ሽታ ያለው ሳሙና አይነካም፣ ፀጉር ቅባት አያይም። እኔ ሽንኩርት የሌለው ሾርባ እየሠራሁ፣ የበሽተኛ ምግብ እያበላሁ ሳምንቱን እገፋዋለሁ። ይህ ግን ቀላሉ ሕግ ነው። ከባዱ ሕግ ጠረጴዛው ላይ ሰው አይናገርም የሚለው ነው። ሕጉን ያወጣው አባታችን ነው። ሁለት ወንድሞቹ በአንድ ብርጭቆ ወይን ላይ፣ አንዱ ፖም ይሸታል ሲል ሌላው የለም ኮክ ነው ብሎ ተጣልተው፣ ሳይታረቁ ነው የሞቱት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ዝም ብሎ ይቀምሳል፣ ባልዲው ውስጥ ይተፋል፣ ወንድሜ «ይግባ» ወይም «ይውጣ» እስኪል ይጠብቃል። እሱ ከተናገረ በኋላ ደግሞ መልስ የለም። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። በእኛ ቤት ሲነቅዝ አይቻለሁ።

የወንድሜ ሚስት ወይን ከማያውቁ ሰዎች ቤት ነው የመጣችው። ከቤቱ በስተጀርባ፣ ከኮረብታዎቹ ግርጌ፣ ማንም ያልተከለበት ጎድጓዳ መሬት ነበር። ብርድ እንደ ውሃ ነው፤ ወደ ዝቅታ ይፈስና እዚያ ይተኛል። እሷ መሬቱን አየችና እዚህ እንትከል አለች። ወንድሜ ሳቀ፣ ሠራተኞቹ ሳቁ፣ አባታችን ያኔ በሕይወት ነበርና እሱም ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። የሳቀባትን ሰው እልህ ይዛ የምታሳፍር ሴት ነበረች። ጉድጓዱን ራሷ ቆፈረች፣ ችግኙን ራሷ ከእንጨቱ ጋር አሰረች፣ በብርዱ ወራት ጣቷ እስኪያብጥ ቅርንጫፉን ራሷ ገረዘች። ውርጭ ባልመጣበት ዓመት የዚያ ማሳ ወይን ጉድ ነበር። እኔ ባልቀምሰውም የገዢ ፊት እቀምሳለሁ፤ የእሷ ወይን የገባበትን ጠርሙስ የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣ ነበር።

እንግዲህ ሞተች። ታማ ከተኛችበት አልነሳችም፤ በጥቂት ወር ውስጥ አለቀች። ወንድሜ ማንንም ሳያስቸግር፣ እንደ ሰው እንኳን ሳይጮህ ቀበራትና ወደ ሥራው ተመለሰ። በዚያው የብርድ ወራት ትኩሳት ጣለው። ሲድን ሁሉ ነገሩ ዳነ፤ አፍንጫው ግን ሞተ።

ይህን እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። ለእናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ያደረገውን ሁሉ በክፋት ነው የምታዩት። ወንድሜ ምንም አይሸተውም። ምላሱ ጎምዛዛን ከጣፋጭ ይለያል፤ ሌላው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነውና ለእሱ ወይን ሁሉ አንድ ዓይነት ጎምዛዛ ውሃ ሆነ። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? ሰው «አፍንጫው መጣ፣ አፍንጫው ሄደ» እያለ የሚጠራው ሰው፣ አፍንጫ የለኝም ብሎ በየትኛው ስሙ ሊጠራ ነው? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። እንዲያውም ባሰበት። የቅምሻ ሳምንት ሲመጣ ኩሽናዬ በር ላይ ቆሞ ሽንኩርት ሸተተኝ እያለ ያንባርቅብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያልጠበስኩትን ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት በሚሸጥ ጎረቤት ላይ አላክኬ ይቅርታ እጠይቀው ነበር። «የማይነጋ መስሏት» ይባላል፤ የቀረውን እናንተ ጨርሱት።

ታዲያ ወይኑን እንዴት ቀየጠ? ሴት ልጁ ከፊት ለፊቱ ነው የምትቀመጠው። አፍንጫውን የወረሰችው እሷ ናት፤ ወንበሩም ነገ የእሷ ነው ይባል ነበር። የዚች ልጅ ሆድና ፊት አንድ ነው። ሕፃን ሳለች እንኳ ዋሽታ አታውቅም፤ ገና ልትዋሽ ስታስብ ጆሮዋ ይቀላል። ጥሩ ወይን አፏ ሲገባ ግራ ቅንድቧ ሳታውቀው ከፍ ይላል። ደካማ ሲሆን የታች ከንፈሯን ወደ ውስጥ ትስባለች። ወንድሜ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር እያሽከረከረ፣ ዓይኑን ጨፈን ያደረገ መስሎ፣ በሽፋሽፍቱ ሥር እሷን ያያል። ቅንድቧ ከተነሳ «ይግባ»፣ ከንፈሯ ከገባ «ይውጣ»። ወንድ ልጁም አጠገቧ ተቀምጦ ይቀምሳል፤ የእሱ ፊት ግን ግንብ ነው፤ ምርጡንም መጥፎውንም እንደ መድኃኒት ነው የሚወስደው። ስለዚህ ወንድሜ ያቺን አንዲት ፊት ይዞ ሦስት ምርት ቀየጠ። ወይኑም አማረ። አፍንጫው ከእርጅና ጋር ተሳለ እንጂ አልደነዘም እያሉ ሰዎች ሱቅ ድረስ መጥተው ይነግሩኝ ነበር።

ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ጎድጓዳው ማሳ ፍሬ አልሰጠም ነበር። ቡቃያው ብቅ ሲል ውርጭ ይመጣና ጠዋት ላይ ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ማሳው በወንድ ልጁ እጅ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ነገር ግን የማያፈራ ነገር ያበሳጨዋል። ይህን ማሳ መግረዝ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፣ እንንቀለውና ወገባችን ይረፍ እያለ ሁለት ዓመት ነዘነዘ። ሴት ልጁ እምቢ አለች። እማዬ በእጇ የተከለችውን ማን ይነቅላል አለች። በዚህ ነገር ወንድምና እህት ከአንድ ማዕድ መብላት እስኪያቅታቸው ድረስ ተኳረፉ። በሦስተኛው ዓመት ግን ውርጩ ሳይመጣ ቀረ፤ ማሳው ትንሽ አፈራ፤ አንድ በርሜል ወጣው። ያኔ ወንድ ልጁ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ አባዬ ይፍረድ አለ። ወይኑ ይግባ ከተባለ ማሳው ይኖራል፤ ይውጣ ከተባለ ትራክተር ተከራይተን እንነቅለዋለን። ልጅቷ ደስ ብሏት ተስማማች። አባቷ እናቷን አሽትቶ የሚያጣት አልመሰላትም።

ወንድሜስ ምን ይበል? አልፈርድም ቢል ለምን ይሉታል። እሺ አለ።

የቅምሻው ጠዋት ጉም ነበር። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት። እኔ በየመሀሉ አፋቸውን የሚያጠሩበትን ውሃና ደረቅ ዳቦ ይዤ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። የሌሎቹ ማሳዎች ወይን ሁሉ እንደወትሮው አለፈ፤ ይግባ፣ ይግባ፣ ይውጣ፣ ይግባ። ከዚያ የጎድጓዳው ማሳ ተቀዳ። ሦስቱም ብርጭቋቸውን አነሱ። ወንድሜ አሽከረከረ፣ አሸተተ፣ ጠጣ፣ ሽፋሽፍቱን ዝቅ አደረገ።

ልጅቷ አንድ ጊዜ አሸተተች። ብርጭቆውን ከፊቷ አራቀችውና መልሳ አቀረበችው። ከቀመሰችው በኋላ አልተፋችም። ቅንድቧ አልተነሳም። አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ውሃ ሞላ፣ ከዚያ ማንም እንዳያያት አንገቷን ደፋች። እኔ የዳቦውን ሳህን እንደያዝኩ በር ላይ ነበርኩ፤ ጉንፋን ይዟት መስሎኝ መሀረብ ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ።

ወንድሜ አሁንም በሽፋሽፍቱ ሥር አያት። እንዲህ ያለ ፊት በሦስቱ ዓመት አይቶ አያውቅም። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ይውጣ» አለ።

መልስ የለም፤ ሕጉ ነው። ወንድ ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ያለውም አይመስልም ነበር። ልጅቷ ብርጭቆዋን ጨርቁ ላይ በቀስታ አስቀምጣ ወጣች። በርሜሉን ለአቸቶ ሠሪው እንደሚሰጡት፣ ትራክተሩም በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ እዚያው ተነገረ። እኔ ሳህኔን ይዤ ወደ ኩሽናዬ ሄድኩ። 

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ሱቅ መጣች። የጠርሙስ ሳጥን ላይ ተቀመጠችና ሰው እስኪወጣ ጠበቀች። ገዢው ከወጣ በኋላ ማልቀስ ጀመረች። እንደዚያ ስታለቅስ እናቷ በተቀበረች ቀን እንኳን አላየኋትም።

«አክስቴ፣ ብርጭቆውን ሳሸትተው እማዬ በሩን ከፍታ የገባች ነው የመሰለኝ» አለችኝ። «ከማሳ ስትመለስ ብርዱን ይዛ ትገባ የለም? ያው እሱ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ወይን ቀምሼ አላውቅም። አባዬ ግን ይውጣ አለ።»

ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል ስላት ሳቀችብኝ፤ ያ ሳቅ ከለቅሶው የባሰ ነበር። አባቷ እንደማይሳሳት ከጡት ጋር የጠጣችው ነገር ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አለች። የናፈቅሁትን ነው እንጂ ያለውን አይደለም ያሸተትኩት፤ እንዲህ ያለ አፍንጫ ደግሞ ለዚህ ቤት አይሆንም። ከተማ ያለች ጓደኛዋ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሥራ አግኝታላት ኖሯል፤ እስካሁን እምቢ ስትላት ቆይታ አሁን ልትሄድ ነው። ትራክተሩ ሲመጣ ላለማየት ከዚያ በፊት ነው የምሄደው አለች። ይህን ብላ ተነስታ ፊቷን ታጠበችና፣ መጣሁ እንኳን ሳትለኝ ሻንጣ ልታዘጋጅ ገባች።

እርር ድብን አልኩ። ሱቁን ዘግቼ፣ ቁልፉን እንኳን በሩ ላይ ትቼ፣ ከመጭመቂያው በላይ ወዳለው ወደ ወንድሜ ክፍል ወጣሁ። ደረጃው ለጉልበቴ ጠላት ነው፤ ያን ቀን ግን አልተሰማኝም። ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። ክፍሉ ከሚስቱ ሞት ጀምሮ አልተነካም፤ በእሷ በኩል ያለው ትራስ እንኳን እንደተነፋ ነው። ልጅህ ሻንጣ እያሰረች ነው፣ በዚያ ወይን ላይ ምን እንከን አግኝተህበት ነው፣ ንገረኝ አልኩት።

«ፊቷን አላየሽም እንዴ?» አለኝ። «አፏ እንደገባ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ያህል የተበላሸ ወይን እንዴት ይግባ ልበል?»

«ጋሼ፣ አንተ የምትቀምሰው ወይኑን ነው ወይስ ልጅቷን?»

ይህን ያልኩት ለነገር ነው፤ ለማቁሰል። እሱ ግን እንደተያዘ ሌባ ክው አለ። እጁን እያየ «አይሸተኝም» አለኝ። ምኑ ነው የማይሸትህ አልኩት። ሁሉም ነገር ሲል መለሰልኝ።

«ከትኩሳቱ ስነሳ መጀመሪያ የከፈትኩት የእሷን ቁም ሳጥን ነው» አለ። «ሽታዋ እንዳይወጣ ብዬ ከሞተች ጀምሮ አልከፈትኩትም ነበር። ኮቷ ውስጥ ፊቴን ቀበርኩት። ምንም የለም። ሽታዋ ጠፍቷል ብዬ አለቀስኩ። በኋላ ምድር ቤት ወርጄ በርሜል ስከፍት ነው የጠፋው የእሷ ሽታ ሳይሆን የእኔ አፍንጫ መሆኑ የገባኝ።»

እንግዲህ በቁጣ የመጣሁት ሴትዮ ምን ልበል? አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኔ አንድ ፎቅ በላይ፣ ያን ቁም ሳጥን እያየ ብቻውን መተኛቱ ሆዴን በላው። ለእኔ እንኳን፣ ወይን ለማላውቀው ለእኔ፣ አልነገረኝም። ከዚያ ልጁ ያለችኝን ነገርኩት። እናቷ በር ከፍታ የገባች እንደመሰላት፣ ያለቀሰችው በወይኑ መበላሸት ሳይሆን በናፍቆቷ እንደሆነ፣ እንደዚያ ያለ ወይን ቀምሳ እንደማታውቅ። ወንድሜ ሰማኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። እሷ ገብታ ነበር ማለት ነው አለ፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፣ አስወጣኋት አለ። ይህን ደጋግሞ አለው።

ንገራቸው አልኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ብትነግራቸው ወንበርህን ታጣለህ፤ ባትነግራቸው ማሳውንም ልጅህንም ታጣለህ፤ ከሁለቱ የሚቀልህን አንተ ታውቃለህ አልኩት። ልነግራቸው ነው አለ። ግን ቀናት አለፉ። ምግብ ላይ አፉን ይከፍታል፣ ጨው አቀብሉኝ ብሎ ይዘጋዋል። ለማይጣፍጠው ሰው ጨው ምን ያደርግለታል ብዬ በልቤ እረግመዋለሁ። ልጅቷ ልብሷን እያጣጠፈች ነው። እኔ ልናገርልህ ስለው በእናታችን አጥንት አስማለኝ፤ ከአፌ ካልሰሙት አይሆንም አለ። እውነቱን ነው፣ አይሆንም ነበር፤ ማን ያምነኛል?

ትራክተሩ መጥቶ ጎድጓዳው ማሳ ጠርዝ ላይ በቆመ ጠዋት፣ ሹፌሩ ኩሽናዬ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ፣ ወንድሜ ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወረደ። ሁለቱንም ልጆቹን ቅምሻው ክፍል ጠራቸው። ልጅቷ ሻንጣዋን በር ላይ ትታ ገባች፤ እኔም ተከትያት ገባሁ። ተቀመጡ አላቸው፤ እሱ ግን አልተቀመጠም። ወንበሩን በሁለት እጁ ከኋላ ይዞ ቆመ።

«እናታችሁ ከሞተች ወዲህ አይሸተኝም» አላቸው። «ምንም አይሸተኝም።»

ወንድ ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ የተቆጣ ሰው እንደሚስቀው። ከዚያ ያ ግንብ ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰነጠቅ አየሁ። «ታዲያ የእነዚያን ዓመታት ወይን ማን ቀየጠው?» አለ።

ወንድሜ ወደ ሴት ልጁ አመለከተ። «እሷ። እኔ ፊቷን እያየሁ ነበር የምፈርደው። የዚያን ቀን ስታለቅስ ተበላሽቶ ነው ብዬ አሰብኩ።»

 ወንድ ልጁ ተነሳ፤ ምንም ሳይናገር ወጥቶ ኩሽና ገባና ሹፌሩን ሻይህን ጨርስና ሂድ ሲለው በግድግዳው ሰማሁ። በርሜሉም ገና ከምድር ቤት አልወጣም ነበር፤ የዚያን ዓመት ቅይጥ ውስጥ ገባ። ማሳው ተረፈ። እኔ እፎይ አልኩ፤ አለቀ፣ ተፈታ ብዬ ልጅቷን ለማቀፍ ጠጋ አልኩ። ልጅቷ ግን እኔን አላየችኝም። አባቷን ነው የምታየው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቴን ስታይ ነበር ማለት ነው» አለችው።

«አዎ።»

«ሲከፋኝም አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳን፣ ምን ሆንሽ ብለኸኛል?»

   እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያቺን ልጅ ከእሱ አብልጦ ያያት ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ቅንድቧን ያውቃል፣ ከንፈሯን ያውቃል፣ የትኛው ወይን ላይ ትንፋሿን እንደምትውጥ ያውቃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን ለእሱ ስለ በርሜል ብቻ ነበር የሚነግረው። ልጅቷ መልስ እንደማይመጣ ሲገባት ሻንጣዋን አንስታ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ በሩን እንኳን አላጋጨችም። ወንድሜ ወንበሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

አልሄደችም። ወንበሩን ወሰደችው፤ ዘንድሮ ይግባና ይውጣ የምትለው እሷ ናት፤ መጀመሪያ የሻረችውም የዝምታውን ሕግ ነው። ጠረጴዛው አሁን ገበያ ሆኗል፤ ወንድሟ እንኳን አፍ አውጥቶ ይከራከራታል። ከአባቷ ጋር ግን ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ ነው። አትሰድበውም፣ አታኮርፈውም፣ ምግቡን ታቀርብለታለች። ይህን ዓይነቱን ጨዋነት የቀመሰ ሰው ስድብ ይሻለኛል ይላል። እሱ በቅምሻ ሳምንት ቤት አይቀመጥም። መቀሱን ይዞ ጎድጓዳው ማሳ ይወርዳል፤ ብርዱ የተኛበት ቦታ ብቻውን ሲገርዝ ይውላል። ስንት ጊዜ ግባ፣ ይበርድሃል ብዬ ጠራሁት፤ እጁን ያወዛውዝልኛል እንጂ አይመጣም።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን አንድ ነገር ጀምሯል። ልጁን ባየ ቁጥር ምን ሆነሽ ነው ይላታል። ጠዋት ስትነሳ ይጠይቃታል፣ ከማሳ ስትገባ ይጠይቃታል፣ በእንግዳ ፊት ይጠይቃታል። ባለፈው ሳምንት ከወንድሟ ጋር በሆነ ነገር እንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች ሳለ ኩሽና ብቅ ብሎ ምን ሆነሽ አላት። ሳቋ ቆመ። ምንም አለችው፤ ወጣች። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ይህ ሰው አብዷል ብዬ ማማሰያዬን ወርውሬ ተከተልኩት። ሰው ሲስቅ ምን ሆነሽ ይባላል? ሲከፋት ጠይቃት እንጂ አልኩት።

«መቼ እንደሚከፋት አላውቅማ» አለኝ። «ፊቷን ሳየው ወይን ብቻ ነው የሚታየኝ። ስለዚህ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።»

ይህን ብሎ መቀሱን ከመስቀያው አውርዶ ወጣ። ጠዋት ጠዋት አሁንም ይጠይቃታል። እሷም እስካሁን የምትመልስለት ምንም ብላ ነው።